ማግ ፍለጋ

ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት፣ ኮምቦልቻ፣ ስብሰባ ውስጥ፣
ሦስት ስክሪን ግድግዳ ላይ፤ እኔ ወንበሬ ላይ ስቁነጠነጥ።
መጋረጃው ተዘርግቷል፣ ብርሃን ገብቶ እንዳይቀላውጥ።

"ባለፈው ወር ስንት ጥቅል ጨርቅ ሸመንን?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።
ጥያቄው አንድ ነበር። መልሱ ግን ሦስት ሆኖ መጣ ከየደጁ።
የምርት ክፍል በፓወር ቢአይ፦ ዘጠኝ መቶ።
የሽያጭ ክፍል በታብሎ፦ ስምንት መቶ፣ በቀለም አብርቶ።
ዘምዘም ከሂሳብ ክፍል፣ በዚያ ባረጀው ኤክሴሏ፣
አርባ ሽት ደራርባ (አንሶላ ትለዋለች እሷ)፣
"ሰባት መቶ፣ ከነደረሰኙ" ብላ ጸናች በቃሏ።

ሦስቱም ልክ ነበሩ። ያ ነው የሚያስፈራው።
ውሸታም ቢኖር በመሐል፣ ይቀል ነበር ሥራው።

"አንዱን ይዘን ሌላው ይጣል!" አለ ወንዳፍራሽ ከሽያጭ፤
"ለአንድ ቤት ሦስት ሙሽራ ማን ነው የሚያጭ?"
ዘምዘም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም፤
"ይህ ኤክሴል ስንቱን ኦዲተር ሸኝቷል፣ አንዴም አልተነቀፈም።"
ሥራ አስኪያጁ ተረት ጠሩ፦ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።"
ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ቁጥሩ ግን ቀረ ሳይታሰር።
ለእኔ የደረሰኝ አንድ ቃል ነው፦ "እስከ ሐሙስ አስታርቂያቸው!"
እኔ አባጋር አይደለሁ፣ በምርቃት የማስማማቸው።

ወደ ሽመናው ወረድኩ።
አንዱ ጥቅል ሦስት ጊዜ ይወለዳል፤ ያንን አየሁ፦
ሙሄ ከማሽን ሲያወርደው፣ አንዲት ቁልፍ ሲጫን፣ "አለሁ"
ይላል ለምርት። መኪና ላይ ሲወጣ ለሽያጭ ይላል "አለሁ"።
ለዘምዘም ግን ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ፣
"ገና ነኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ እመጣለሁ።"

በመሐል ደግሞ ሐረጎ አለ፤ ጭጋግ መንገዱን ሲያለብሰው፣
ወደ ደሴ የሚወጣ አይሱዙ ጠምዛዛው ላይ ሲያስተነፍሰው፣
ስልሳ ጥቅል እዚያው ያድራል፤ በታብሎ የተሸጠ፣ በኤክሴል ያልተወለደ፤
ሹፌሩም ካፖርት ደርቦ፣ በልዩነታችን ላይ፣ በእንቅልፍ ነጎደ።

ይማም፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ ድሮ የእጅ ሸማኔ የነበረ፣
ተረቱን ብነግረው ሳቀ፤ ጠመኔውን ከጆሮው አውርዶ ተናገረ፦
"አንበሳስ ያስር ይሆናል፤ ግን አልጋ ላይ አይነጠፍ፤
ድር ብቻውን ክር ነው ልጄ፣ ማግ እስኪያቋርጠው፣ እስኪያልፍ።"
"ይህን ቁጥር ታይዋለሽ?" አለና የጥቅሉን ጠርዝ ገለጠ፤
ዜሮ፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ዘጠኝ፤ በጥቁር ቀለም የተረገጠ።
"ከሙሄ እጅ እስከ ባንክ ድረስ ስሙን የማይቀይር እሱ ነው።
እናንተ ፎቅ ላይ ንቃችሁ የተዋችሁት፣ ማጉ እሱ ነው።"

ፎቅ ተመለስኩ። ያ ቁጥር በሦስቱም ቤት አለ፤ ግን ቆሳስሎ፦
ኤክሴል የፊቱን ዜሮ ቆርጥሞ በልቷታል እንደ ቆሎ፤
ታብሎ ሰረዝ ሰክቶበታል፤ በምርት መዝገብ ተከፍሏል በክፍተት።
ዜሮ ስመልስ፣ ሰረዝ ስለቅም አመሸሁ፣ ከጥጥ ፍሬ እንደምትለቅም ሴት።
መብራት ሁለቴ ሄደ። ጄኔሬተሩ አጉረመረመ። ከመስኮቱ ማዶ ቦርከና
እንደ ሁልጊዜው ይወርዳል፤ አንድ ቀን እንኳ ቁጥር አልጠየቀው ደመና።

ሐሙስ። ሦስቱም ስክሪን በየቦታው፤ አንዱም አልወረደ።
የዘምዘም አርባ አንሶላ አለ፤ የወንዳፍራሽ ቀለምም እንደነደደ።
ብቻ አንዱን ጥቅል ስትነኪው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሳልፋል፤
ሐረጎ ላይ ያደረው እንኳ፣ ከነጭጋጉ ይጻፋል።
"እና ስንት ነው?" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "የተሸመነው? የተጫነው?
ወይስ የተከፈለው?" አልኩ። ዝም አሉ።
ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታው የጋራ ነው።

አንድ ጥቅል ግን ጎደለ። ሙሄ አውርዶታል፤ ከዚያ ወዲያ የለም።
ወንዳፍራሽ ዘምዘምን አየ፤ ዘምዘም እኔን፤ እኔ ማንንም።
ይማም ከበሩ አጠገብ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣
ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ጣቱን በመጋረጃው ላይ አጉዞ፣
ስክሪኑ ደምቆ እንዲታይ ፀሐይ የከለልንበትን፣
ጠርዙን ገልብጦ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበልን።
ብርሃን ገባ።
ሦስቱም ስክሪን ነጣብን።